ወንድማገኝ ያልጠየቀኝ መኪና

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ መንፈስ ታየ፣ ድምፅ ተሰማ የሚባል ወሬ ሲነሳ ሰበብ ፈልጌ ወደ ጓዳ የምገባ ሴት ነኝ፣ ያደግኩት ጊምቢ፣ ፕሮቴስታንት ቤት ውስጥ ነው፣ አባቴ እንዲህ ያለ ነገር በቤቱ እንዲወራ አይፈቅድም ነበር፣ እኔም አድጌ፣ ተምሬ፣ የመንግሥት ሥራ ይዤ፣ አንድም ቀን ጨለማ ፈርቼ አላውቅም። እመኑኝ፣ በራሴ ባይደርስ ኖሮ ሌላ ሰው ሲያወራው ብሰማ እስቅ ነበር።

ክልሉ ገና የተቋቋመ ሰሞን ነው፣ አሶሳ ላይ የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለም አልደረቀም፣ ከየአገሩ የተመደበ ሠራተኛ ቤት ፍለጋ ይንከራተታል። እኔ ከአዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ ታይፒስት ነበርኩ፣ ባለቤቴ ወንድማገኝ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ የቴክኒክ መምህር። የተከራየነው ቤት ጓሮ በቀርከሃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ መጠለያ ነበረው፣ ወንድማገኝ ገና ዕቃችን ሳይራገፍ ጋራዥ አደረገው።

ምን ሊሠራበት መሰላችሁ፣ አንድ የውጭ መጽሔት ላይ ያያትን መኪና፣ መሬት ልትነካ የደረሰች፣ ክፍት፣ ባለ ሁለት ወንበር የእሽቅድምድም መኪና። «እሷን በሕልሜም አልገዛትም፣ አምሳያዋን ግን በእጄ እሠራታለሁ» አለኝ፣ የቀለደ መስሎኝ ነበር። የአንድ አሮጌ ቮልስ ወለልና ሞተር ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና አስመጣ፣ ከዚያ የበርሜል ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ፣ እያጠፈ፣ እየበየደ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ አካል አወጣላት። ቀይ ቀባት። አምራ ነበር፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔ እንኳ አንዳንዴ ማንም ሳያየኝ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ።

ችግሩ ሞተሯ ነው። ትነሳለች፣ ጥሩ ትሠራለች፣ ስትሞቅ ግን ሰው አፏን እንደያዛት ሁሉ ድንገት ጸጥ። ካንዴላ ቀየረ፣ ፑንቲና ቀየረ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበ፣ ነዳጅ ነው አለ፣ ኤሌክትሪክ ነው አለ፣ ከሥራ ሲመለስ በቀጥታ ሥሯ ነው የሚገባው። የቀርከሃው ግድግዳ ብርሃን ስለሚከለክል ፋኖስ የምይዝለት እኔ ነኝ፣ ሐሳቤ ግን የጣድኩት ወጥ ጋ ስለሚሆን እጄ ከፍ ከፍ ይላል፣ እሱም ከሥር ሆኖ ቀስ ብሎ «ዝቅ አርጊው፣ ራሔል» ይለኛል፣ ተቆጥቶ አያውቅም።

እንዲህ እያለን ታመመ። መጀመሪያ እግሩ አበጠ፣ ከዚያ ፊቱ፣ እዚህ ያዩት ሐኪም ኩላሊት ነው፣ ቶሎ አዲስ አበባ ይሂድ አሉ፣ ታላቅ ወንድሙ ጋሽ መኮንን መጥቶ ወሰደው። እኔ ልጅ አርግዤ ስለነበር መንገዱን አትችይውም ተብዬ ቀረሁ። ወራት አለፈ። ጋሽ መኮንን ቴሌ እያስጠራኝ የሚነግረኝ እያጠረ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ «አይናገርም፣ ሰውም አይለይም፣ እንግዲህ ጸልዪ» አለኝ፣ ያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ወላጆቼ ጊምቢ ሄጄ እንድወልድ ፈለጉ፣ እኔም ቤቱን ልለቅ ወሰንኩ። መኪናዋን ምን ላድርጋት? አቶ ዲሪባ የሚባሉ የባምባሲ ነጋዴ ቮልሳቸው ሞተሩ ነክሶ ቆሞባቸው ነበር፣ የእሷን ሞተር እንድሸጥላቸው ልከው አስጠየቁኝ፣ እሺ አልኩ። ባሌ እስትንፋሱ ሳይወጣ፣ አልጋ ላይ እያለ፣ እሺ አልኩ።

የመጡት ዝናቡ አባርቶ ቀኑ ሊጨልም ሲል ነው፣ የከተማው ጄኔሬተር ገና አልተነሳም። አቶ ዲሪባ አልፋዲል የሚባል መካኒክ ይዘዋል፣ የበርታ ልጅ ነው፣ ሙያውን ሱዳን የተማረ፣ ረጋ ያለ ሰው። ሞተሩን ሳይፈቱ በፊት ድምፁን መስማት ፈለጉ። አቶ ዲሪባ ወንበሯ ላይ ተቀምጠው ቁልፉን ያዙ፣ አልፋዲል ሞተሩ ጋ፣ ከኋላዋ ተንበረከከና «እህቴ፣ መብራት ያዝልኝ» አለኝ፣ አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ እኔን እንደ ወንድ ነው የሚያናግረኝ፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

ቁልፉ ዞረ፣ አልተነሳችም። ደግመው አዞሩ፣ አልተነሳችም። ሲያርፉ ከመኪናዋ ሥር ቀጭን ድምፅ ተሰማ፣ አንድ ሰው መፍቻ መሬት ላይ በቀስታ ሲያስቀምጥ የሚሰማው ዓይነት። አልፋዲል ጎንበስ ብሎ አየ፣ እኔም አየሁ፣ ባዶ መሬት ነው። አይጥ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሰው በጀርባው ተኝቶ ሲንፏቀቅ ልብሱ የሚያሰማው መፋቅ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ቆመ። አይጥ ነው አላልኩም።

ከዚያ እንዲህ አለ፤

«ትንሽ ዝቅ አርጊው።»

ጮክ ብሎ አይደለም፣ አጠገብህ እንዳለ ሰው ነው። አልፋዲል ቢሆን «አድርገው» ነበር የሚለኝ፣ አቶ ዲሪባ ደግሞ ከመጡ ጀምሮ «እርስዎ» እያሉኝ ነው። አቶ ዲሪባ ከወንበሩ ዞረው በኦሮምኛ «ኤኙቱ ዱበቴ?» አሉ፣ ማነው የተናገረው ማለታቸው ነው። እኔ ግን እጄ ዝቅ ብሎ ነበር፣ እንዴት እንደወረደ አላውቅም፣ ፋኖሱ ከጉልበቴ በታች ሆኖ ብርሃኑ ቀድሞ አብርቼበት የማላውቀው ቦታ ላይ ወድቋል፣ እዚያ ለሞተሩ እሳት ወደሚሰጠው ኮይል የሚሄደው ገመድ ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ያንጸባርቃል።

አልፋዲል አየኝ፣ ገመዱን አየ፣ በፕላስተር ጠቀለለው። ቁልፉ ሲዞር በአንዴ ተነሳች። ቆመን ጠበቅን፣ ሞቀች፣ የቀርከሃው ግድግዳ እየተንቀጠቀጠ ሠራች፣ ሠራች፣ አልጠፋችም። ወንድማገኝ ሁለት ክረምት የፈለገው ድምፅ ነው፣ ለእኔ ግን ደስ የሚል ድምፅ አልነበረም፣ ልጄ ሆዴ ውስጥ ሲዞር ተሰማኝ።

አልፋዲል ሞተሩን አስጠፋና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ወላሂ፣ እኔ ይሄ ሞተር አልፈታም» አለ። «ባለቤት እዚህ ነው።»

አቶ ዲሪባ ወደ እኔ ዞሩ። «እንተወው እንዴ፣ ወይዘሮ ራሔል? እንተወው ካሉ እንተወዋለን።»

ሰውየው በር ከፍተውልኝ ነበር። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፣ ይህ እሱ ከሆነ ሞቷል ብዬ ደመደምኩ፣ ሞቶ ከሆነ ደግሞ ጓሮዬ ውስጥ እንዲቆይ አልፈለግኩም። የምወደውን ሰው ማለት ነው። «ውሰዱት» አልኩ፣ «የበርሜሉንም ቆርቆሮ፣ ሁሉንም ውሰዱልኝ።»

በማግስቱ ሌላ መካኒክ ይዘው መጥተው ጫኗት። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ቴሌ ጠሩኝ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ፣ መርዶ ነው ብዬ፣ ጎረቤቶቼ ሁለት ሆነው ደግፈውኛል። ጋሽ መኮንን በስልኩ ይስቃል።

«ተሻለው እኮ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ብድግ ብሎ ተቀመጠ፣ ተናገረ። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን፣ እጄን አስታጥቡኝ ይላል፣ ንጹሕ ነው ብንለው ዘይት ነው፣ በሳሙና ካልሆነ አይለቅም ይላል። ነርሷ ሦስቴ አስታጠበችው። ራሔል፣ እየሰማሽኝ ነው?»

እየሰማሁት ነበር፣ ነጠላዬን ግን ማስተካከል አቃተኝ፣ ጎረቤቶቼ ሞተ የተባልኩ መስሏቸው ማልቀስ ጀመሩ።

ጊምቢ መሄዱን ትቼ ጠበቅኩት፣ ወንድማገኝ ከስቶ፣ ግን በእግሩ እየሄደ መጣ። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ቤት ድረስ የምነግረውን በልቤ ደረደርኩ። ጓሮ ገባ፣ የጋራዡ በር ክፍት ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ መሬቱ ላይ የፈሰሰ ዘይት ጠቁሯል። አየው። ከዚያ ወደ ማንጎው ዛፍ ዞሮ «ዘንድሮ አላፈራም እንዴ?» አለኝ።

አልጠየቀኝም። በዚያ ሳምንትም፣ ልጃችን ስትወለድም፣ ከዚያም ወዲህ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት፣ አንድም ቀን የት ገባች አላለኝም። ተቀይሞኝ ነው እንዳልል ጥሩ ሰው ነው፣ አብሮኝ ይስቃል፣ አብሮኝ ይጸልያል። ብዙ ጊዜ ልጀምርለት አፌን ከፍቻለሁ፣ በከፈትኩ ቁጥር ተነስቶ ይወጣል፣ ወይም ውኃ አምጪልኝ ይላል።

ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ልጃችን፣ አሁን ትልቅ ሰው ናት፣ «አባዬ፣ አንተ ግን የቴክኒክ መምህር ሆነህ በእጅህ የሠራኸው ትልቅ ነገር የለም?» ብላ ጠየቀችው፣ ለጨዋታ ነው። ወንድማገኝ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ፣ ዓይኑን እኔ ላይ አደረገ፣ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም።

«እናትሽን ጠይቂያት» አላት። «መጨረሻ ላይ ፋኖስ ይዛ እዚያ የነበረችው እሷ ናት።»

ልጅቱ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች። እሱም ጠበቀ። እኔ ተነስቼ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመርኩ፣ ገና በልተው ሳይጨርሱ።