ለእንግዳ የሚከፈተው ላብራቶሪ

«ፈጠንሽ! አሁንም ፈጠንሽ!» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «መጀመሪያ ቀዩን ከፍ አድርገሽ ታሳዪያለሽ። ከዚያ ሰማያዊው ላይ ቀስ እያልሽ ትጨምሪያለሽ። ስትጨርሺ ምን ትያለሽ?»

«የኬሚካል ለውጥ ተካሂዷል።»

«በፈገግታ!»

ሚጢጢ ፈገግ አለች። በቁመቷ ምክንያት የክፍሏ ልጆች ይህን ስም ካወጡላት ወዲህ በሌላ የጠራት የለም። ዛሬም ከትምህርት ቢሮ ለሚመጡት ኢንስፔክተሮች በደንብ እንድትታይ ሳጥን ላይ አቁመዋታል።

ቀዩም ሰማያዊውም ውሃ ነው። የላብራቶሪው ኬሚካሎች ከጠርሙሳቸው ጋር ተጣብቀው ከደረቁ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ጠዋት የማኅተም ቀለም በውሃ በጥብጠው አምጥተዋል። ክፍሉ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን የተማሪ ድርሻ በመስኮት አጮልቆ ማየት ነው፣ እሱም አቧራው ከፈቀደ።

የኬሚስትሪው መምህር ዓመቱ ሲጀመር የተሻለ ሥራ አግኝተው ሄዱ። በምትካቸው የስፖርቱ ቲቸር በየክፍለ ጊዜው ይመጣና «አንብቡ!» ብሎ ስልኩን ያወጣል። ከእጅ አይሻል ዶማ። ሚጢጢ ደግሞ ፋርማሲስት መሆን ትፈልጋለች፤ ማጠቃለያ ፈተናው በዚህ ዓመት መጨረሻ ነው። መጽሐፉን ለብቻዋ ታነባለች፣ ግማሹ አይገባትም፣ የምትጠይቀውም የለም።

«እነግራቸዋለሁ» አለቻት ከልምምዱ በኋላ ለጓደኛዋ ለቀጭኔ፣ ኮሪደሩ ላይ።

ቀጭኔ ከላይ ወደ ታች አየቻት። «ማንን? ኢንስፔክተሮቹን? አቦ ተዪ! አምናም መጥተው፣ አይተው፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።»

«ካወቁ አስተማሪ ይልኩልናል።»

«እሺ፣ አንቺ ንገሪ፤ እኔ ቦርሳሽን ልያዝ። ከተባረርሽ ይዤልሽ እወጣለሁ።»

ቀጭኔ እንዲህ ናት፤ በሁሉም ነገር ትቀልዳለች። ጠዋት ሁለት ታናናሾቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታ፣ ዘበኛው አርፍደሻል ብሎ ሲቆጣት በእሱም ትቀልዳለች። የታክሲ ሒሳብ ይዛ መጥታ አታውቅም።

ትርኢቱ አማረ። ቀዩ ሰማያዊው ላይ ሲፈስ ወይን ጠጅ ሆነ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ርዕሰ መምህሩ ላባቸውን ጠረጉ። ሰዉ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲያመራ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ አንዲት ኢንስፔክተር ወደኋላ ቀሩ።

«እስቲ ከዚች ልጅ ጋር ትንሽ ላውራ» አሉ። በሩ ተዘጋ። «ጎበዝ ነሽ። ሌላስ ምን ሠርታችኋል እዚህ?»

ሚጢጢ የተዘጋውን በር አየች።

«ምንም። የማኅተም ቀለም ነው። የኬሚስትሪ አስተማሪም የለንም፣ ዓመቱን ሙሉ።»

ሴትዮዋ አልደነገጡም። ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ ነክረው ወደ ብርሃኑ አነሡት። «አውቄዋለሁ። የእኛም ቢሮ ቀለም ይኸው ነው።»

«ታዲያ አስተማሪ ይልኩልን።»

«ልጄ፣ እሱ በእጄ አይደለም። የእኔ ሥራ ደረጃ መስጠት ነው። ይህን ከጻፍኩ የትምህርት ቤታችሁ ደረጃ ይወርድና የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍሉ ይዘጋል። እናንተ ከተማው ዳር ወዳለው ትምህርት ቤት ትዛወራላችሁ። በሁለት ታክሲ ነው የሚኬደው።»

«እዚያ አስተማሪ አለ?»

«አለ። እውነተኛ ላብራቶሪም አለ።»

ሚጢጢ ሳጥኑ ላይ እንደቆመች አሰበች። አባቷ የሚነዳው ታክሲ በዚያው መስመር ነው። ከነገ ጀምሮ እንኳ መሄድ ትችላለች።

«የታክሲ የሌላቸውስ?»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውርደው በሻርፓቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። «አምና ከዘጋነው ትምህርት ቤት ግማሹ ልጅ የት እንደገባ አላውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት የእኛ ሥራ ነው።» ቀና አሉ። «ካልጻፍኩት ግን ሁሉም እንዳለ ይቀጥላል። ምን ይሻላል ትያለሽ? ልጻፈው?»

ሚጢጢ ተናደደች። ልትጮህባቸው ምንም አልቀራት። ይህን ለመወሰን ቢሮ የተሰጣቸው እሳቸው፣ ደመወዝ የሚበሉት እሳቸው፣ ጥያቄውን ወደ እሷ የሚገፉት ለምንድን ነው? በመስኮቱ በኩል ቀጭኔ ሁለቱን ቦርሳ ግራና ቀኝ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። ከሚጢጢ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ጣቷን አንገቷ ላይ እንደ ቢላዋ አሳለፈችና ሳቀች።

«አይጻፉት» አለች ሚጢጢ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን አይጻፉት።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ቅር ያላቸውም አይመስሉም፣ ደስ ያላቸውም አይመስሉም። በሩን ከፍተው ሲወጡ ርዕሰ መምህሩ ደጃፍ ላይ ነበሩ።

«እንዴት ናት ልጃችን?»

«ጎበዝ ናት» አሉ ሴትዮዋ ሳይቆሙ።

ሚጢጢ ወደ ግቢው ስትወጣ ቀጭኔ ሮጣ ደረሰች። «እሺ፣ ምን ተፈጠረ? ነገርሻቸው?»

ሚጢጢ ቦርሳዋን ተቀበለች። ብትነግራት ቀጭኔ እንደማትቀልድ ታውቃለች፤ «በእኔ ምክንያት ነው?» ብላ ትጠይቃለች፣ ከዚያም «ሂጂ፣ እንዲጽፉት ንገሪያቸው» ትላታለች።

«አልነገርኳቸውም።»

«ብዬሽ ነበር! ያ ሁሉ ወሬ! አንቺ ፈሪ!» ቀጭኔ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አዎ፣ ፈራሁ» አለች ሚጢጢ።

ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ኬሚስትሪ ነበር። ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ክፍል ገቡ፤ የስፖርቱ ቲቸር «አንብቡ!» አለና ተቀመጠ።