ሦስተኛው ጉርሻ

ያላመነ ከዚሁ ይመለስ። አልቀየመውም። የገዛ ወንድሜ አላመነኝም፤ እናንተ የማታውቁኝ ብትጠራጠሩ ምን ይገርመኛል?

ግን ሆኗል። ባለፈው ዓመት፣ በነሐሴ፣ ሬሆቦት ውስጥ፣ ክፋር ግቢሮል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ቤቴ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ጠራራ ፀሐይ ነበር። በስልኬ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በእናቴ አቆጣጠር ደግሞ ስድስት ሰዓት ተኩል።

ቀትር...

ልጆች ሳለን እማ በቀትር ከቤት አታስወጣንም ነበር። «ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም» ትለናለች። እኛ እንስቅባት ነበር።

ስሜ ማንተገብሽ ነው። ሥራ ቦታ ሚሪ ይሉኛል። በአንድ ማዖን ውስጥ፣ እናቶቻቸው ሥራ ሲውሉ የሦስት ዓመት ሕፃናት እጠብቃለሁ። ባል ፈትቻለሁ፤ ልጅ የለኝም። ያኔ መቶ ሃያ ስድስት ኪሎ ነበርኩ።

ሠርግ ቤት ስገባ ወንበር የሚያቀርብልኝ ሰው ጠንካራውን መርጦ ነው። ይሄን ያልቀመሰ ሁሉ «እግዜር የሰጠሽን ገላ ውደጂ» እያለ ይመክረኛል። ይውደደው እሱ!

እና ሻርቩል የሚሉትን ኦፕራሲዮን ልሠራ ቆረጥኩ። ጨጓራሽን አምስት ቦታ ብትከፍይው አራቱን ቆርጠው ያወጡታል። የቀረችው እንደ እጅጌ ቀጭን ናት።

ለእማ አልነገርኳትም። ወንድሜ ኢጋል ግን ቂርያት ዔቅሮን በምትባለው ጎረቤት ከተማ ከሷ ጋር ነው የሚኖረው፤ አፉም አያርፍም። በዋዜማው ነገራት።

ደወለችልኝ።

«ሆድሽን ልታስቆርጪ ነው?»

«ጨጓራዬን ነው እማ። ለጤናዬ ነው።»

ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ያልነገረችኝን ነገረችኝ።

ንብረት የምትባል ታላቅ እህት እንደነበረችኝ፣ ወደ እስራኤል ስንመጣ ሱዳን መጠለያ ውስጥ እንደሞተች አውቃለሁ። እንዴት እንደሞተች ግን ጠይቄ አላውቅም። እኛ ቤት አይጠየቅም።

«አንቺ ጡት ላይ ነበርሽ» አለችኝ። «የደረሰኝ አንድ ቁራሽ ነበር። ወተቴ እንዳይደርቅብሽ ብዬ እኔው በላሁት። ንብረት እያየችኝ... ሦስት ዓመቷ ነበር። ‹እማ፣ ለኔስ?› አለችኝ።»

«እማ...»

«የሷን ድርሻ ነው ላንቺ ሆድ ያደረግሁት። እሱን ነው አስቆርጠሽ የምታስጥይው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አፈር ልብላ፣ ዝም አላልኩም።

«የሞተች ልጅሽን እኔ ላይ አትጫኝብኝ! አርባ ዓመት ‹ብዪ፣ ብዪ› እያልሽ እንዲህ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ!»

«እንግዲያው ከእጄ ሁለተኛ አትጎርሺም» አለችና ዘጋችው።

የመጨረሻ ንግግራችን እሱ ነው። በስልክ ማለቴ ነው።

እሑድ ተሠራሁ። ረቡዕ ኢጋል ቤቴ አድርሶኝ ሄደ። ሆዴ ላይ አምስት ቀዳዳ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የመድኃኒት መለኪያ የሚያህሉ ትናንሽ ብርጭቆዎች። ውኃና የተጣራ ሾርባ ብቻ፣ እሱም ጠብ ጠብ እያለ። ዲያታኒቷ፣ የአመጋገብ ባለሙያዋ፣ አስጠንቅቃኛለች፦ ጠጣር ነገር ብውጥ ስፌቱ ሊለቅ ይችላል፣ ከለቀቀ ደግሞ ወደ ሞት ነው።

«እማስ?» አልኩት ኢጋልን ሲወጣ።

«ተቆጥታለች። ዳይ፣ በቃ፣ ትበርድልሻለች።»

ሐሙስ ቀትር፣ በስልኬ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ።

እየጎበጥኩ ሄጄ ከፈትኩ።

እማ ናት።

በፎጣ የተቋጠረ ሳህን ይዛለች። ደስ አለኝ! ያን ሁሉ ተናግሬያት መጣችልኝ።

«በምን መጣሽ?»

«በእግሬ።»

ሊፍታችን ተበላሽቷል። እማ ጉልበቷን ታማለች፤ ሁለት ደረጃ ወጥታ «ኧረ ወገቤን» የምትል ሴት ናት። ያን ቀን ትንፋሿ እንኳ አልተሰማኝም።

ስትገባ መቃኑ ላይ ያለውን መዙዛ፣ የጸሎቱን ክታብ፣ አልሳመችም። እማ መዙዛ ሳትስም በር አልፋ አታውቅም።

ነጠላዋን ደግሞ... አዘቅዝቃዋለች።

ለሐዘንተኛ እንጂ ለታማሚ ጥየቃ ነጠላ አይዘቀዘቅም። «ምነው፣ ማን ሞተ?» አልኳት።

«ሰው ነዋ» አለች፤ ኩሽና ገባች።

ፎጣውን ፈታችው። የዶሮ ፍትፍት። አረንጓዴ ከንፈር ያለው ያ አሮጌ ሳህኗ። ሦስት ጉርሻ ጠቅልላ በተርታ አስቀመጠች። አንዱን አንስታ ወደ አፌ አመጣችው።

«እማ፣ ይገድለኛል። ሐኪም ከልክሎኛል።»

እጇን አልመለሰችም። ቆየች... ቆየችና መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው።

«የቆረጡትን የት አደረጉት?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«የሷን።»

ከነቁስሌ ልጣላት አልፈለግሁም። ደክሞኝ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ የለችም። በር ሲከፈት አልሰማሁም። ሳህኑ ላይ ሁለት ጉርሻ ቀርቷል። እማ በልታው ይሆናል አልኩ።

ለኢጋል ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። ማታ ላይ እሱ ደወለ። ድምፁ ተዘግቷል።

«እማ መጥታ ነበር» አልኩት።

ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማኛል።

«ኢጋል?»

«መቼ?»

«ዛሬ፣ ቀትር ላይ።»

«ማንቴ... መድኃኒቱ ነው። ሕልም ነው። ተኚ።»

«ምንድን ነው ያ ጫጫታ?»

«ቴሌቪዥን ነው። ስሚ፣ ስልክሽን አጥፊው። ፌስቡክ ምናምን አትክፈቺ። ጨረሩ ለስፌት ጥሩ አይደለም አሉ። ቤሰደር? እሺ?»

እኔም ጅሏ አጠፋሁት።

ዓርብ አልመጣችም። ጠዋትም ቀትርም በሩን ሳይ ዋልኩ። ሾርባዬን እየለካሁ ጠበቅኋት። «አልጎርስም ስላልኳት እንደገና አኩርፋ ነው» አልኩ፤ እኔም ተናደድኩባት። ይሄን ንዴቴን አስታውሱልኝ።

ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ተንኳኳ።

ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው። ባዶ እግሯን ናት። ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ቀይ አሸዋ። የቀሚሷም ጫፍ አሸዋ ነው።

«እማ፣ ዛሬ ሰንበት ነው። ከቂርያት ዔቅሮን በሰንበት?»

እናቴ በሰንበት ከሰፈሯ አትወጣም። እሳት አትነካም፤ የሞቀ ምግብ በአፏ አይዞርም። አገር ቤትም እዚህም ሰንበት ማለት ቀዝቃዛ ምግብ ነው።

ኩሽና ስገባ የሐሙሱ ፍትፍት ጠረጴዛው ላይ ይጨሳል። ትኩስ ነው... አሁን ከእሳት የወጣ።

ሁለቱ ጉርሻ አለ። አንዱን አነሳችው።

«ጉረሺ ማንቴ።»

«እማ፣ በናትሽ...»

«አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት።»

እንባዬ መጣ። አፌን ግን አልከፈትኩም። ስፌቴን በእጄ ያዝኩት። እሷም ጉርሻውን ዝቅ አድርጋ በጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ታች ሰደደችው፤ ለሰው እንደሚሰጥ አድርጋ።

እጇ ባዶውን ተመለሰ።

ከጠረጴዛው ሥር... የሚያላምጥ ነገር ሰማሁ።

ቀስ ያለ፣ የሚጣደፍ፣ በአፍንጫው የሚተነፍስ። ማዖን ውስጥ በየቀኑ የምሰማው ድምፅ ነው። ጎንበስ ልል ብል ስፌቴ አልፈቀደልኝም።

«እማ... ምንድን ነው?»

«ተያት» አለችኝ። «ርቧት ነው።»

ከኩሽና እየተንፏቀቅሁ ወጣሁ። መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ እስከ ምሽት አልወጣሁም። ስወጣ ማንም የለም። የቤቱ ቁልፍ ከውስጥ በኩል በሩ ላይ እንዳለ ነው። ሳህኑ ላይ አንድ ጉርሻ ቀርቷል። ልጥለው እጄን ዘረጋሁ። አልቻልኩም... እናቴ ያዘጋጀችው ነው።

እሑድ ጠዋት ነርሷ ኢንባር ቁስሌን ልታይ ቤቴ መጣች። «ደርቋል፤ ጎበዝ» አለች። ከዚያ አቀፈችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ደረጃው ላይ ስልክ ስትደውል ሰማኋት። «ኢጋል? አዎ። አሁን ይቻላል» አለች።

ምኑ ነው የሚቻለው?

ቀትር ደረሰ። እማ ስታንኳኳ አልሰማሁም። ዞር ስል ኩሽና ቆማለች። ጉርሻው በእጇ ነው።

«የመጨረሻው ነው» አለች።

ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ልጅ ሳለሁ ስታመም እንደምታየኝ ነው የምታየኝ። ምን ልበላችሁ፣ ናፈቀችኝ። ፊቴ ቆማ ናፈቀችኝ። «ከእጄ አትጎርሺም» ብላኝ ነበር፤ አሁን ጉረሺ ትለኛለች። ይቅር ማለቷ ነው። አፌን ከፈትኩ።

በሩ ተንኳኳ።

ብዙ ሰው ነው። የእግር ኮቴ፣ የሰው ሳል፣ «እስኪ ቀስ» የሚል ድምፅ።

«አትክፈቺ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«ሊነግሩሽ ነው።»

«ምኑን?»

«መጀመሪያ ጉረሺ... ልጄ፣ ቶሎ።»

ጣቶቿ ከንፈሬን ነኩኝ። በረዶ ናቸው። ዲያታኒቷ ትዝ አለችኝ። ስፌቱ ትዝ አለኝ። ፈራሁ።

አፌን ዘጋሁት።

በሩን ሄጄ ከፈትኩ።

ኢጋል የሸሚዙ ኮሌታ እንደ ሐዘንተኛ ተቀዷል። አለልኝ የሚባለው አጎቴ ከኋላው ቆሟል። የቂርያት ዔቅሮን ሴቶች በደረጃው ላይ፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

የመርዶ ነጋሪ ፊት አይሳሳትም።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ» አለ አጎቴ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ነው አሉኝ። እማ ከቤቷ ማዶ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀምጣ ነበር። አውቶቡሱ ቆሞ ሾፌሩ «ያላ፣ ግቢ እንጂ» ቢላት ዝም አለች። ልቧ ቆሟል። ጭኗ ላይ በፎጣ የተቋጠረ ሳህን ነበር።

«‹ሄጄ ላጉርሳት፣ ክፉ ተናግሬያታለሁ› ብላ ነው የወጣችው» አለ ኢጋል እያለቀሰ። «ዓርብ ጠዋት ቀበርናት።»

«እኔ ሳልኖር?»

«ቁስልሽ ነዋ ልጄ» አለ አጎቴ። «ለቅሶ ስፌት ይበጥሳል። እስኪደርቅ አይነገራት ብለን ተማከርን። ወጋችን ነው።»

«ወግ! እናቴን ስትቀብሩ እኔን ሾርባ እያስለካችሁ አዋላችሁኝ! ዋሻችሁኝ!»

ጮኼ መሬት ወደቅሁ። ስፌቴ አልተበጠሰም። በጥሩ ክር ነው የሰፉኝ።

ኢጋል ውኃ ሊያመጣልኝ ኩሽና ገባ... ወዲያው ተመለሰ። አረንጓዴ ከንፈር ያለውን ሳህን ይዟል።

«ይሄን ማን አመጣው?» አለ። «እማ ቤት አጥቤ አስቀምጬው ነው የመጣሁት።»

ዛሬ ብትጠይቁት «ተመሳሳይ ሳህን ነው» ይላችኋል።

ሳህኑ ባዶ ነበር። ሦስተኛው ጉርሻ የለም።

ሴቶቹ ደግፈው ሲያነሱኝ ነው የቁም ሳጥኑን በር ያየሁት፣ ኩሽና ውስጥ፣ ታችኛውን። ነጭ ነው። ከጉልበቴ ከፍ ብሎ፣ በወጥ ቅባት የቀላ የአንዲት ትንሽ እጅ ማኅተም አለበት። አምስት ጣት።

የሦስት ዓመት ልጅ እጅ ነው። እኔ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው።

አሁን ዓመት አልፎታል። የእማን ተዝካር አወጣን። ስድሳ አንድ ኪሎ ቀንሻለሁ። ማዖን ስገባ «ኮል ሃካቮድ ሚሪ! ጎበዝ!» ብለው ያጨበጭቡልኛል። ዲያታኒቷ ግን ማጨብጨብ ትታለች፤ «ምግብሽን ትበያለሽ ግን?» ትለኛለች። እበላለሁ። የት እንደሚገባ እኔም አላውቅም።

የእጁን ማኅተም በሳሙና አጥቤዋለሁ። በበረኪና ፈትጌዋለሁ። ይጠፋል። በማግስቱ ቀትር ተመልሶ ይመጣል።

ግን እዚያው ቦታ አይደለም።

ትናንት ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ወገቤ ጋ ደርሷል። ጣቶቹም ረዝመዋል።