ስድስተኛው ተቀባይ

ተረት የሚመስለው ይኖራል። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ... በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

እሑድ፣ ፀሐይ አናት ላይ። ካናዳ፣ ከኦታዋ ወንዝ በላይ ያለው የግንድ ቆራጮች ካምፕ። ቅማል የወረረውን ልብሳችንን ደጅ በበርሜል እየቀቀልን ነበር።

ጥቁር የለበሰች ሴት መጣች።

ኦኖራ። የኮርማክ ሚስት... የሟቹ።

ኮርማክ ባለፈው ወር ወንዙ ላይ የተቆላለፈ ግንድ ሊያስለቅቅ ወጥቶ ውሃው በላው። ሬሳው አልተገኘም። እንደ ካምፑ ልማድ፣ ዘፋኛችን ቴሌስፎር ዘፈን አወጣለት።

«አሟሟቱን ዘፈኑ ይናገራል አሉኝ» አለች። «ልስማው።»

ቴሌስፎር አለቃችንን ማክራይን ቀና ብሎ አየው።

ማክራይ ፒፓውን ከአፉ ሳያወጣ፣ «ዝፈንላት እንጂ! ባሏ ጀግና ነበር» አለ።

ማደሪያ ቤታችን ገባን። ቴሌስፎር ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። እኛ አምስታችን እንቀበላለን።

«ማንም ሳያዘው፣ እየሳቀ ወጣ...»

ውሸት ነው። ሁላችንም እናውቃለን። እውነቱን የዘፈነ ግን በማግስቱ ሥራ የለውም።

አዝማቹን ስንደግም... ከድምፃችን ሥር ሌላ ድምፅ ሰማሁ።

ጎርናና። ውሃ የጠጣ።

ግራ ቀኝ አየሁ። አምስት አፍ ነው ያለው።

«ትሰማለህ?» አልኩት አጠገቤ ያለውን።

«ዝም በል... ዝፈን።»

እኛ «እየሳቀ ወጣ» ስንል፣ እሱ «እምቢ ብያለሁ... እምቢ ብያለሁ» ይላል።

ቴሌስፎር አቆመ። እኛም አቆምን።

እሱ አላቆመም።

«እምቢ ብያለሁ... በመጥረቢያ እጀታ ገፋኝ...»

ኦኖራ አላለቀሰችም።

«እሱ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቤትም ሲዘፍን እንዲህ ወደኋላ ይጎተታል... እስቅበት ነበር። ማነው የገፋው?»

ዓይናችን ሁሉ ወደ ማክራይ ዞረ።

ማክራይ ሳቀ። «ነፋስ ነው፣ እህቴ!» ፒፓውን ግን መሬት ጣለው። በሩን በርግዶ ወጣ።

ተከትለነው ሮጥን።

ወንዙ ሞልቶ ይጮኻል። ግንዱ ሁሉ ወርዶ አልቋል፤ አንድም አልቀረም።

ማክራይ መሃል ወንዙ ላይ ቆሟል።

ከእግሩ ሥር... ውሃ ብቻ።

ፊቱን ወደኛ አዙሮ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እየዘፈነ ነው፦ «እምቢ አለኝ... ገፋሁት...»

«በሉ እንጂ!» አለች ኦኖራ። «ለውሸቱ ተቀብላችሁ የለ? ተቀበሉት!»

ማናችንም ትንፍሽ አላልንም።

ከኋላችን ግን፣ ባዶውን ትተነው ከወጣነው ቤት... አምስት ሰዎች ተቀበሉት።

አንደኛው ድምፅ የኔ ነበር።