በግራ የተጠመጠመው ገመድ

ካፒቴኑ በገዛ ጀልባው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ጆሮ ግንዱ ላይ አንድ ምት ብቻ አርፏል፤ ሁለተኛ አላስፈለገም። አጠገቡ ክንድ የሚያህል የብረት ማዞሪያ ወድቋል። መርማሪዋ ልታየው ጎንበስ አለችና ቶሎ ቀና ማለት አቃታት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሞተ ሰው ፊት መታጠፍና መዘርጋት ጉልበቷን አሰልችቶታል፤ እሷም ከጉልበቷ አትሻልም ነበር።

ቀድሞ የደረሰው ሳጅን ነገሩን ጨርሶት ነበር የጠበቃት። በጀልባው ጠርዝ ላይ የቆመውን፣ ድስት የሚያህል የብረት ከበሮ አሳያት። ዊንች ይሉታል። የሸራው ገመድ ይጠመጠምበታል፤ ማዞሪያው ከላይ ተሰክቶ ሲዞር ሸራው ይወጠራል። ውስጡ ያሉት ጥርሶች ከበሮውን ወደ ቀኝ፣ ሰዓት እንደሚዞረው ያስኬዱታል እንጂ ወደ ግራ አይለቁትም። ጥርሶቹ ተገልብጠው ከተገጠሙ ግን ነፋስ የያዘው ሸራ ከበሮውን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል፤ ማዞሪያውም አብሮ ተወርውሮ የሰው ጭንቅላት ይፈልጣል። ካፒቴኑ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጀልባዋ እንደታሰረች ሸራ ሰቅሎ የመሞከር ልማድ ነበረው።

«ጥርሶቹን ባለፈው ሳምንት ፈትቶ የገጠማቸው ታናሽ ወንድሙ ነው» አለ ሳጅኑ። «ራሱም አምኗል። የቀረው መፈረም ነው።»

መርማሪዋ ዊንቹን ዞራ አየችው። ገመዱ አራት ጊዜ ተጠምጥሟል። ዙሮቹ እርስ በርስ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ጫፉ ከመጨረሻው ዙር ሥር ተሸጉጧል። አጠማጠሙ ወደ ግራ ነበር። ፎቶ አስነሳችውና ገመዱን በቀስታ ፈታችው። ከበሮው ላይ፣ ገመዱ ሸፍኖት በነበረው ቦታ፣ የደረቀ ደም ነበር። ባዶውን ከበሮ በእጇ አዞረችው። ወደ ቀኝ ቀጭ ቀጭ እያለ ሄደላት። ወደ ግራ ስትሞክር ንቅንቅ አላለም።

ታናሽ ወንድሙን በካፒቴኑ የጀልባ መጠገኛ ግቢ፣ ወርክሾፑ ውስጥ፣ በተደፋ ጀልባ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ቀና ብሎም አላያትም፤ የት እንደሚፈርም ብቻ ጠየቃት። ወንድሙ እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው ልጅ ነው። የሟች ሚስት ጠዋት በር ላይ ቆማ ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ ብላዋለች፤ እሱም ልክ ናት አለ።

ገመድ ዊንች ላይ እንዴት እንደሚጠመጠም እንዲያሳያት ለመነችው። እጁ በአየር ላይ ሳያስብ ወደ ቀኝ ዞረ።

«ወደ ግራስ ቢሆን?»

«ማንም አያደርገውም። በየትኛውም ጀልባ አንድ ነው። ማዕበል ሲመጣ ቆሞ ማሰብ የለም፤ እጅ ራሱ ማወቅ አለበት። ለዚህ ነው ሁሉም ወደ ቀኝ የሆነው።»

«ካፒቴኑስ ተሳስቶ ይሆን?»

«ወንድሜ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «እሱ ተኝቶም አይሳሳትም።»

ሚስትየው ያለቀሰችበትን መሐረብ እያጣጠፈች እየፈታች አነጋገረቻት። ይህ ግቢ ሰው መብላት ለምዷል አለች። አምና የጀልባ ጎታቹ የጋሽ ገመዴ ልጅ፣ ጎበዝ የሸራ ጀልባ ነጂ የነበረው፣ ከውሃ የሚጎተት ጀልባ ሐዲዱ ላይ ተንሸራቶበት ሞተ። ዘንድሮ ደግሞ ባሏ። ከባሏ ጋር በሸራ ጀልባ ብዙ ተጉዛለች፤ ዊንች ታውቃለች። ጠዋት ግን ከቤት አልወጣችም፤ ጎረቤትም መስክሮላታል።

ሸራ ሰፊዋ የምትሠራው ከወደቡ ጋር በሚዋሰን ክፍል ነው። ሴትዮዋ ሐዘንን በቀልድ የምትገፋ ዓይነት ናት። ጀልባ ላይ ወጥታ ታውቅ እንደሆነ መርማሪዋ ስትጠይቃት፣

«እኔ እትዬ፣ ውሃ የማውቀው በብርጭቆ ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ክር ለመቀየር ማሽኔን ሳቆም የካፒቴኑን ድምፅ ሰማሁ። ‹ልብ ቢል ኖሮ› አለ። ለማን እንደሆነ እንጃ። መልሼ መስፋት ጀመርኩ። ምነው ባልጀመርኩ።»

ጋሽ ገመዴ መጎተቻው ቤት ውስጥ ነበሩ። ጀልባ ወደ የብስ የሚያወጣውን ማሽን ሃያ ዓመት የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ስሙንም ያወጣላቸው ገመዱ ነው። መርማሪዋ ስታነጋግራቸው እጃቸው አላረፈም። ገመዱን በትልቁ ከበሮ ላይ ወደ ግራ ጠመጠሙ፤ ዙሮቹን ጎን ለጎን አስተኙ፤ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ከመጨረሻው ዙር ሥር ሸጎጡ።

«ይሄ ወደ ግራ ነው እንዴ የሚዞረው ጋሼ?»

«ሲተከል ጀምሮ እንዲህ ነው ልጄ። ጥርሱ ተገልብጦ ነው የተገጠመው። ካፒቴኑ ነገ እናስተካክለዋለን ሲል ሃያ ዓመት ሞላው።» የሸጎጡትን ጫፍ ጎትተው ፈተሹ። «እጄማ ለመደው።»

መርማሪዋ ደጃፉ ላይ ያለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጉዳዩን መጨረስ ትችል ነበር፤ መነሳቱ ነው ያቃታት።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየው በር አጠገብ ቆመች፤ ታናሽ ወንድሙ ከእሷ በተቻለው መጠን ራቀ።

«ጥርሶቹ በትክክል ተገጥመዋል» አለች መርማሪዋ ወደ እሱ ዞራ። «ሞክሬዋለሁ። ዊንቹ ወደ ኋላ አይሄድም። አንተ የገጠምከው ዕቃ ማንንም አልገደለም።»



ቀጥላ አንድ በአንድ አስረዳች። ገመዱ ወደ ግራ ነበር የተጠመጠመው። እንደዚያ ከሆነ ማዞሪያው ሲዞር ገመዱ ይላላል እንጂ ሸራ አይወጥርም፤ ሸራው ቢጎትተው እንኳ ከበሮው ማዞሪያውን ትቶ ብቻውን ወደ ቀኝ ይሾራል፤ ማዞሪያው አይወረወርም። ስለዚህ ብረቱን ያነሳው የሰው እጅ ነው። ደሙ ደግሞ ከገመዱ ሥር ስለተገኘ፣ ገመዱ የተጠመጠመው ካፒቴኑ ከተመታ በኋላ ነው፤ አደጋ ለማስመሰል።

«የማያውቅ ሰው ይሆናላ» አለ ሳጅኑ።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። የማያውቅ ሰው ግን ያወሳስበዋል። ይሄ ዕድሜውን ገመድ ሲጠመጥም የኖረ እጅ ነው፤ ዙሩ ልክ፣ ጫፉ የተሸጎጠ። ጀልባ የሚያውቁት ሁለቱ፣ ወንድሙና ሚስቱ፣ እጃቸው ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ሸራ ሰፊዋ መርፌ እንጂ ዊንች ነክታ አታውቅም። ሙያው ያለውና ወደ ግራ የሚጠመጥም ሰው ፈለግኩ። በዚህ ግቢ አንድ ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ጋሽ ገመዴ አልዞረም። እሳቸው ራሳቸው ናቸው አንድ እርምጃ ወደፊት የወጡት።

ልጃቸው የጀልባ ልጅ ነበር አሉ። አምና እሳቸውን አሳርፎ ማሽኑን ሲይዝ፣ እጁ እንደለመደው ወደ ቀኝ ጠመጠመ፤ ማሽኑ ለቀቀው፤ ጀልባው ወረደበት። ዛሬ ሙት ዓመቱ ስለሆነ ካፒቴኑን ለመጨረሻ ጊዜ ሊለምኑት ሄዱ። ሌላ ሰው ሳይሞት አስተካክለው አሉት።

«‹ልጅህ ልብ ቢል ኖሮ አይሞትም ነበር› አለኝ። ማዞሪያው እጄ ላይ ነበር፤ እሱ ነው ያዝልኝ ብሎ የሰጠኝ።» እጃቸውን አገላብጠው አዩትና ወደ ታናሽ ወንድምየው ዞሩ። «የሚቀጣው ሰው ሌላ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ትፈርማለህ ሲሉህ ሰምቼ ግን ዝም አልኩ። እሱን ይቅር በለኝ።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣና መርማሪዋን አየ። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች፤ መልሶ ኪሱ ከተተው። ሳጅኑና ጋሽ ገመዴ ጎን ለጎን ቀስ ብለው ወጡ።

ታናሽ ወንድሙ ይቀለዋል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ተመልሶ የተደፋው ጀልባ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ ለእኔም ነግረውኝ ነበር» አለ። «ስለ ማሽኑ። ሦስት ጊዜ። የዊንቹን ጥርስ ስፈታና ስገጥም የማሽኑንም አንድ ቀን እከፍተዋለሁ እያልኩ... የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

ሚስትየው ከበሩ ላይ ተነስታ መጣችና፣ ጠዋት ደጄን እንዳትረግጥ ካለችው ሰው አጠገብ ተቀመጠች።

«እኔም ሰምቼ ነበር» አለችው። «ባሌን ሲለምኑት ምሳ እያቀረብኩ ነበር።»