ስጦታ የከለከለው ኩባንያ

በታይዋኗ ሺንቹ ከተማ ሰኔ ሲገባ ባለአክሲዮኖች ወደየኩባንያዎቻቸው ጉባኤ ይጎርፋሉ፤ ብዙዎቹም ስለ ትርፍ ለመስማት ሳይሆን በር ላይ የሚታደለውን ስጦታ ለመቀበል ነው። አቶ ዡዋንግም ልጃቸውን ፔይዪንግን አስከትለው መጡ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ዘንድሮ ስጦታ የለም» አላቸው በሩ ላይ የቆመው ወጣት መሐንዲስ፣ ጀንሃው።

«ሌሎቹ ድስት ሰጡን፤ እናንተ ጃንጥላ እንኳ የላችሁም? ስስታም ቤት አያድግም። አክሲዮኔን ዛሬውኑ እሸጠዋለሁ» ብለው ሄዱ።

ፔይዪንግ ግን ወደ ኋላ ቀረች። «የስጦታው ገንዘብ የት ገባ?» ስትል ጠየቀችው።

«መሣሪያችን ውስጥ። የኮምፒውተር ቺፕ ላይ ያረፈች፣ ዓይን የማያያትን ጉድፍ ያገኛል።»

«ተፎካካሪ ቢመጣባችሁስ?»

«መጥቶ ነበር። ደንበኞቻችን ሄደው ተመለሱ።»

ይህን ሲል አልኮራም፤ ዓይኑን ዝቅ አደረገ። እሷ ግን ዓይኗን ከእሱ ላይ ማንሣት አቃታት።

አባቷ የሸጡትን እሷ ገዛች። ፔይዪንግ ኩባንያ ስትመርጥ የዛሬውን ግዝፈቱን አታይም፤ ነገ ሌሎች ያለ እሱ መሥራት ይችሉ እንደሆነ ትመረምራለች እንጂ። ለጀንሃው እየደወለች ትጠይቀው ጀመር። ጥያቄው ሲያልቅባትም ሁለቱም ስልኩን አይዘጉም ነበር።

በመከር ጀንሃው ፔይዪንግን ለማግባት አቶ ዡዋንግን ሊያስፈቅድ ቤታቸው መጣ። እሳቸው ትርንጎ እየላጡ ነበር።

«ትልልቆቹ ኩባንያዎች ውስጥ ስንት ጎበዝ እያለ፣ አንቺ የስስታሞቹን ሰው? አክሲዮኑንም የገዛሽው ፍቅር አሳውሮሽ ነው።»

«አባባ፣ አክሲዮኑን ስገዛ እኮ ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር።»

ወደ እሱ ዞሩ። «እሺ አንተ፣ ኩባንያችሁ የገበያው አውራ ይሆናል?»

አንድ «አዎ» ቢል የፔይዪንግ አባት ይለዝቡ ነበር።

«አላውቅም ጋሼ» አለ ጀንሃው። «ዛሬ የምንቀድመው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም በየጊዜው ካላሻሻልነው እንነጠቃለን። ልጅዎን በዚህ ተስፋ እንዲሰጡኝ አልፈልግም።»

ፔይዪንግ አየችው። እውነት እንደዚያን ሰዓት በሰው ላይ አምራ አይታ አታውቅም።

ሽማግሌው ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «አክሲዮን ግዛ ያለኝ ሁሉ ሲምልልኝ ኖሯል፤ ‹አላውቅም› ያለኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ። እሷም ብትሆን ዓሣ እንኳ ደጋግማ ሳታሸት የማትገዛ ልጅ ናት።»

ከላጡት ትርንጎ ትልቁን ቁራጭ አንስተው አቀበሉት።

«ብላ እንጂ» አሉት። «ሠርግ ያለበት ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል።»