ከጎተራ ወደ ላይ

የሚያሳድደው የሌለ፣ የሚጠብቀውም የሌለ ሰው ገና ሳይነጋ ተነስቶ ለምን ይሮጣል?

ኤልዳድ ኡራኤል አካባቢ ከተከራያት ክፍል በወጣ ቁጥር ይህን ራሱን ይጠይቃል። ጉልበቱ ያመዋል። እንቅልፍ አይጠግብም። ሆላንድ ስለ ውኃ ሲማር ዓመታት ኖሮ ከተመለሰ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ከስብሰባ ስብሰባ ያዞረዋል። ስልኩ ላይ ደግሞ የቀድሞ አስተማሪው የላከለት ኢሜይል አለ፤ «ቦታህ አልተያዘም፣ መጥተህ ዶክትሬትህን ጨርስ» ይላል። ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። እሺም እንቢም ሳይል ወራት አልፈዋል። ምናልባት የሚሮጠው ቢያንስ እየሮጠ ሳለ ምንም መወሰን ስለማይጠበቅበት ይሆናል።

ከማዕዛ ጋር የተገናኙት መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ነው። እሷ እየሮጠች ስትወርድ እሱ ጎንበስ ብሎ እንዳያስመልሰው ይታገል ነበር።

«ፈቀቅ በል፣ ጫማዬ አዲስ ነው» አለችው።

«ይቅርታ።»

«ይቅርታህን ተወውና ቀና በል። ጎንበስ ስትል ይብስብሃል።» አጠገቡ ቆመች። «ብቻህን ነው የምትሮጠው?»

«አዎ።»

«ለምን? ከሰው ተጣልተህ ነው?»

ኤልዳድ በኖረበት አገር ሰው ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ ብቻውን ይሮጣል። እዚህ ብቻውን የሚሮጥ ሰው በሩን ዘግቶ ብቻውን እንደሚበላ ሰው መታየቱን ረስቶት ኖሯል። ያን ዕለት ማዕዛ እየጎተተች ወደ ጓደኞቿ ወሰደችው። ሁሉም ባምቢስና ካዛንቺስ አካባቢ ሥራ ያላቸው ናቸው፤ እሷ ራሷ ባምቢስ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ለግማሽ ማራቶን ነበር የሚዘጋጁት።

«ስሙ ኤልዳድ ነው፣ ከሆላንድ ነው የመጣው» ብላ አስተዋወቀችው።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለ ደጋጋ፣ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ የሚሠራው ቀልደኛ። «የመመለሻህን በእኔ ነው የምትቆርጠው። ቅናሽ አለ።»

አብሮ መሮጥ ደንብ አለው። አንዱ ከፊት ይመራል፤ የተቀረው የፊተኛውን እግር እያየ በሰልፍ ይከተላል። ማዕዛ ኤልዳድን ከኋላዋ አስገባችው።

«ሰዓትህን ማየት አቁም። እግሬን ብቻ እይ» አለችው።

በዚህ ምክንያት ፊቷን በደንብ ሳያጠና ተረከዟን አወቀ። የግራው ትንሽ ወደ ውጭ ይዞራል። ሲደክማት አስፋልቱን የምትረግጥበት ድምፅ ይከብዳል። ከባምቢስ ወደ ኡራኤል፣ ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ፣ በዚያ ገና ባልነቃ ከተማ ውስጥ ያን ድምፅ እየሰማ ሲከተል፣ ያ የማይለቀው ድካም ለጊዜው የሁለት ሰው ይሆንና ይቀለው ነበር።

ካዛንቺስ ሲደርሱ አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ትዘገያለች። አንድ ቀን ጭራሽ ቆመች።

«ምነው?»

«እዚህ ጋ በራችን ነበር።»

ኤልዳድ ቢያይ ሰፊ የእግረኛ መንገድና ገና በእንጨት የተደገፈ ችግኝ ብቻ ነበር።

«ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ላንቻ ተከራይተናል» አለች። «አባቴ ግን እስካሁን አልለመደውም። አንዳንዴ ከሱቅ ሲወጣ ካዛንቺስ ብሎ ይሳፈራል። ከወረደ በኋላ ነው ትዝ የሚለው።»

እጇን ያዘ። ሁለቱም እጆች በላብ ርሰው ነበር፤ አንዳቸውም ለመልቀቅ አልተቻኮሉም።

ከረጅም ሩጫ በኋላ አንዲት ጠባብ ቁርስ ቤት ገብተው አንድ ላይ ይበላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ደጋጋ ጥቂት ጎርሶ «በቃኝ» ብሎ እጁን ሲሰበስብ፣ ኤልዳድ ዞር ብሎ አስተናጋጇን «አንሺው፣ ጠግቧል» አላት። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ።

«አንተ ሰው! ገና መጀመሬ እኮ ነው!»

«በቃኝ አላልክም?»

«ብልስ? ‹በሞቴ› ትለኛለህ፣ እንቢ እላለሁ። አሁንም ‹በሞቴ› ትላለህ፣ ትንሽ እሽኮረመማለሁ፣ ከዚያ እበላለሁ! አቦ፣ ይሄ ፈረንጅ በረሃብ ሊጨርሰን ነው!»

«ተዉት» አለች ማዕዛ፣ ዕንባዋን እየጠረገች። «ሰው ያለውን ማመን ጥፋት ነው እንዴ?» ጠቅልላ አጎረሰችው። ጣቶቿ ከንፈሩ ላይ ከሚገባው በላይ የቆዩ መሰለው። ቀና ሲል እሷ ሌላ ቦታ ትመለከት ነበር፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

ውድድሩ ሲቃረብ አንድ ማለዳ ከልምምድ በኋላ ደረጃዎቹ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁለቱም ዝለዋል።

«ለአባቴ ነግሬዋለሁ» አለችው።

«ምን ብለሽ?»

«አንድ ልጅ አለ ብዬ። ስምህን አልነገርኩትም። ከውጭ የተመለሰ ነው ስለው ፊቱ ጠቆረ።»

«ለምን?»

«አሉላ ወንድሜ ‹ተምሬ እመጣለሁ› ብሎ ነው የሄደው። እናታችን ስትቀበር እንኳ አልመጣም። አባቴ ‹እነሱ ልባቸው ኤርፖርት ነው ያለው› ይላል።» ወደ እሱ ዞር አለችና «ለዚያ ለነገርከኝ አስተማሪህ መለስክለት?» ስትል ጠየቀችው።

ኤልዳድ የጫማውን ክር ፈታ፣ መልሶ አሰረ።

«አላውቅም። ማለቴ፣ መሄድ አልፈልግም። እቀራለሁ ለማለትም… በቃ ደክሞኛል፣ ማዕዛ።»

«እኔም ደክሞኛል። ይሄዳል፣ ይቀራል እያልኩ ሳድር ከሩጫው ይብሳል።» እጁን ያዘችና ወደ አደባባዩ ጠቆመች። «ስማኝ። ውድድሩ የሚያልቀው እዚህ ነው። አባቴን እዚያ ቆመህ ጠብቀኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። ‹ልጁ አብሮኝ ነው የሚገባው፣ ያኔ ታየዋለህ› ብዬዋለሁ። አብረን እንገባለን። ከዚያ በኋላ እሱም እኔን አይጠይቅም፣ እኔም አንተን አልጠይቅህም።»

«አብረን እንገባለን» አላት። ከልቡ ነበር።

የውድድሩ ዕለት እስከ ጎተራ ድረስ ሁሉም ነገር መልካም ሄደ። ኤልዳድ ከሁለት ሰዓት በታች እገባለሁ እያለ ሲፎክር ስለከረመ ማዕዛ ከመነሻው ጀምሮ ከፊቱ ሆና መራችው። ከጎተራ ወደ ላንቻ የሚወስደው ዳገት ሲጀምር ግን የእግሯ ድምፅ ተቀየረ። ከበደ፤ ከዚያ ተዛባ። ባቷን ይዛ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?»

«ያዘኝ። ምንም አይደለም፣ ይለቀኛል።» ፊቷ ላቡ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። ሰዓቱን ሲያይ አየችው። «አንተ ሂድ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሂድ፣ እደርሳለሁ። ሰዓቱ እንዳያልፍብህ።»

ሄደ።

በኋላ ለራሱ ብዙ ምክንያት ሰጥቷል። በኖረበት አገር ሰው ሂድ ካለ ሂድ ማለቱ ነው፤ ያንን መጠራጠር ደግሞ ንቀት ነው። ይህ ሁሉ የመጣው ግን በኋላ ነው። መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። እግሩ አንዴ ከቆመ ዳግም እንደማይነሳለት ያውቅ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቱ የሚከተለው ተረከዝ አልነበረም፤ ዳገቱ ባዶ ነበር። ላንቻን ሲያልፍ አንዴ ዞር አለ። ሕዝቡ ውስጥ አጣት። ቀጠለ።

ከሁለት ሰዓት በታች ገባ። ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አደረጉለት። ወደ አጥሩ ተንገዳግዶ ሄዶ ሲደገፍ፣ ከማዶ ኮትና ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ አየ። ክንዳቸው ላይ የታጠፈ ግራጫ ሹራብ ነበር። ማዕዛ በየማለዳው የምትለብሰው ሹራብ ነው።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ የኔ ልጅ» አሉት። «ከኋላ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ልጅ አላየህም? ልጄ ናት።»

«አይቻታለሁ። ትመጣለች።»

«ደክሟታል?»

«ትንሽ።»

«ግድ የለም» አሉ፣ እሱን ለማጽናናት ያህል። «አብሯት የሚሮጥ ልጅ አለ። እሱ ካለ ችግር የለም።»

ኤልዳድ «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ይህን ቢል ቀጥለው የሚጠይቁትን ያውቀዋል።

«ውኃ ላምጣልዎት?» አለ።

«ኧረ በል፣ የሮጥከው አንተ! እኔ ምን ሆንኩ ብለህ ነው?» ብለው ሳቁ።

አጠገባቸው ቆሞ ቀረ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ማዕዛ እያነከሰች ብቅ አለች፤ ክንዷን ደጋጋ ትከሻ ላይ ጥላለች። አባቷ ቀድመው ያቀፉት ደጋጋን ነው።

«አንተ ነህ? ተባረክ! እንዳልተውካት አይቻለሁ፣ ተባረክ!»

«ኧረ ፋዘር፣ እኔ እንኳን…» ደጋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋው።

ማዕዛ ከአባቷ ትከሻ በላይ ኤልዳድን አየችው። ፊቱን፣ ቀጥሎ ሜዳሊያውን። ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር። እሷ ግን ደክሟት ነበር፣ በቃ።

«አባዬ፣ እሱ ጓደኛችን ነው። መንገድ ላይ አግኝቶኝ ነው የደገፈኝ።»

«ያኛውስ?»

«እሱ ቀደመ» አለች።

ሽማግሌው ዓይኗን ተከትለው ዞሩ። ኤልዳድን ከላይ እስከ ታች አዩት። ሹራቡን ዘርግተው ልጃቸውን አለበሷት፣ ደግፈው ይዘዋት ሄዱ።

በሳምንቱ ባምቢስ አንድ ካፌ ተገናኙ። ያዘዙት ማኪያቶ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

«ሂድ ስላልሽኝ ነው የሄድኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ቆይ ብትዪኝ እቆም ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ። ግን ዕድሜ ልኬን ቆይ ስል ልኖር ነው?» ስኒዋን አዞረችው። «አንዴ ብቻ እንቢ ብትለኝ፣ ኤልዱ። አንዴ ብቻ። በሞቴ አልሄድም ብትል ያ እግር ራሱ ይለቀኝ ነበር።»

«አባትሽን ሄጄ ላናግራቸው።»

«ምን ብለህ? አጠገቡ ቆመህ ነበር እኮ! ‹ጨዋ ልጅ ነው፣ ውኃ ላምጣልዎት አለኝ› ብሎኛል። ‹ስሙን ግን አልነገረኝም› አለ።» ድምጿ ተሰበረ። «መሄድህን እረሳዋለሁ። ይሄን እንዴት አድርጌ ልርሳው?»

ታክሲ መቆሚያው ድረስ ሸኛት፤ ሲሰነባበቱ ጉንጩን ሳመችው። ከዚያ ቀን በኋላ ልምምድ መምጣት አቆመች። ደጋጋ ስለ ትኬት መቀለዱን ተወ።

የክረምቱ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ኤልዳድ ለሆላንዱ አስተማሪው አጭር መልስ ጻፈ። ከዚያ ሳይሮጥ፣ በእግሩ እያዘገመ ከጎተራ ወደ ላይ ወጣ። ላንቻ ሲደርስ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ስልኩን አወጣ።

«ማዕዛ፣ እንደማልመለስ ጻፍኩለት። ላባብልሽ ብዬ አይደለም፤ ባትመጪም የምኖረው እዚሁ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ላንቻ ታክሲ መቆሚያው ጋ እጠብቅሻለሁ። ለአባትሽ ስሜን ልነግራቸው እፈልጋለሁ። አትጠብቀኝ ብትዪኝም እጠብቃለሁ።»

ላከው። ወዲያው መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወጣ።

ቅዳሜ ታክሲዎቹ እየሞሉ ሄዱ፣ ባዶ ሆነው ተመለሱ፣ ደግሞ ሞሉ። ፀሐይዋ አናቱ ላይ እስክትወጣ ቆሞ ጠበቀ። ስልኩ እጁ ላይ ነበር። ማዕዛ አልመጣችም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ፣ ምንም አልጻፈችለትም።