ጥፍሩ ላይ የደረቀው ቀለም

ጋሽ ብሩሽ ቀለም ቀቢ ነበር። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። እኔ ስንት ቀቢ ያየሁ ሰው ነኝ፤ እሱን የሚያህል ግን ከፀሐይ በታች አልተፈጠረም። ከአድማስ አድማስ የተዘረጋውን የጤና ጣቢያ አጥር ብቻውን የቀባው እሱ ነው። ሰማያዊ ሲሉት አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ሲሉት ሰማያዊ የሚሆን ቀለም ነበር። ሊያስመስል የሞከረ አንድ ቀቢ አፍሮ ከተማውን ለቆ ሄዷል።

ሲደባልቅ መስፈሪያ አያውቅም። ኖራውን በጥብጦ ቀለም ይጨምርበትና አንዲት ጠብታ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ያሳርፋል። እፍ ይልባታል። እስክትደርቅ ጠብቆ ጥፍሩን ከግድግዳው ጋር ያስተያያል። "እርጥብ ቀለም ውሸታም ነው፤ እውነቱን የሚያወጣው ሲደርቅ ነው" ይል ነበር። ሌላም ልማድ ነበረው፤ ግድግዳ ሲጠግን ዕድፉን ብቻ ይነካል። ከዕድፉ አንድ ጣት ያለፈ ቀቢ እሱ ዘንድ ከሌባ አይለይም።

ሚስቱ የጤና ጣቢያውን አንሶላ ታጥባለች፤ ወንድ ልጃቸው ጋራዥ ይሠራል፤ ታናሿ ሚጣ ከአባቷ ጋር ባልዲ ተሸክማ ትውላለች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ቢሆንም ሳቃቸው ሰፈሩን ይሞላ ነበር።

"አባዬ፣ ከእኔና ከግድግዳው ማንን ትወዳለህ?" ትለዋለች ሚጣ።

"ግድግዳው አይመልስልኝማ" ይላታል።

ከዚያ ዘመኑ ተበላሸ። አንድ ጠዋት የጭነት መኪና አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ቆመና ተሰልፈው የነበሩትን ወጣቶች አፍሶ ሄደ። ልጁም ምሳ ዕቃውን እንደያዘ ከእነሱ ጋር ተጫነ። ወዴት እንደወሰዷቸው የሚናገር ጠፋ። ጎረቤት ጎረቤቱን ሰላም ለማለት ግራ ቀኙን ማየት ጀመረ። አንድ ቀን ግን ሰፈሩ ሲነቃ፣ በዚያ ውብ አጥር ላይ በከሰል፣ ቁመቱ ሰው በሚያህል ፊደል፣ "ልጆቻችን የት ናቸው?" ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ማን ጻፈው? ዛሬ ብትጠይቁ ግማሹ ሰፈር "እኔ ነኝ" ይላል። አንዳንዴ እኔም እላለሁ።

የሰፈሩ ሊቀመንበር ከቀናት በኋላ ጋሽ ብሩሽ ቤት መጥቶ ተቀመጠ።

"ሌላ ሰው ቢቀባው ልጥፉ ያስታውቃል፤ ሰውም ያንኑ ያነባል" አለ። "እርስዎ ካጠፉት ግን ጠፋ ነው። ነገ ልጅዎ ራቱን እዚህ ይበላል። ቃሌ ነው።"

ሊቀመንበሩ እንደወጣ እናት ባሏ እግር ሥር ወደቀች። "አጥፋው። ስለ እኔ ብለህ አጥፋው።"

"እማዬ፣ የሌሎቹስ ልጆች?" አለች ሚጣ።

"የሌሎቹ እናት እኔ ነኝ?"

እናት ናትና ማን ይፈርድባታል?

በማግስቱ ጠዋት ሚጣ ኖራ ልትበጠብጥ ቀድማ ሄደች። አጥሩ ሥር የሰፈሩ ዳቦ ሻጭ ቆማለች። አንድያ ልጇ ከተወሰዱት አንዱ ነው። ማንበብ አትችልም፤ ግን በየጠዋቱ እየመጣች ፊደሎቹን እንደ ሕፃን ፊት ትዳብሳቸው ነበር። ጣቷ በከሰል ጠቁሯል። ሚጣ እስክትሄድላት ጠበቀች። ከዚያ ባልዲው ውስጥ ኖራ ጨመረች... ደግማም ጨመረች። ኖራ የበዛበት ቀለም እርጥቡን ምንም አይመስልም፤ ሲደርቅ ነው የሚነጣው።

አባቷ መጣ። እንደ ልማዱ ጠብታዋን ጥፍሩ ላይ አሳረፈ። እፍ አለ። ጠበቀ። ጥፍሩን አየ፤ አጥሩን አየ፤ እንደገና ጥፍሩን አየ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና "መሰላሉን ያዢልኝ" አላት። የአባቴ ዓይን ደክሟል ማለት ነው አለች በልቧ።

ከፊደሉ ጠርዝ አንዲት ጣት ሳያልፍ፣ ፊደል በፊደል ሸፈነው። ሊቀመንበሩ ጀርባውን መታ መታ አደረገለት። እናት ቤት ገብታ ራት መሥራት ጀመረች፤ የልጇን አልጋ አነጠፈች። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ግን ፊደሎቹ አንድ በአንድ እየነጡ ብቅ አሉ። ከከሰሉ ይልቅ የጎላ ጽሑፍ ሆነ፤ ከሌላ አገር ይነበብ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

"ምን ሠሩብኝ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ።"

አሰሩት፤ ደበደቡት፤ ለቀቁት። ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ልጁም አልመጣም። ሚስቱ በየማታው የልጇን ሳህን ከድና ታስቀምጣለች፤ ጠዋት አውጥታ ትደፋለች። "አንዲት ቀን እንኳ ዓይንህ ቢያገለግለኝ ምን ነበረበት?" አለችው፤ ከዚያ ወዲያ ከእሱ ጋር አልተነጋገረችም። ሚጣ "እኔ ነኝ" ልትላት ስንቴ አፏን ከፈተች... ስንቴስ መልሳ ዘጋች? እናት ሳህኑ እንደተከደነ፣ ለባሏ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ አንድ ክረምት ላይ አረፈች።

ደግሞ ዘመን ተገለበጠ። ሊቀመንበሩ ሊቀመናብርት ወደሚሄዱበት ሄደ። ያን ጊዜ እውነቱ ወጣ፤ ከፌርማታው የተወሰዱት በተወሰዱበት ሳምንት ተገድለው ነበር። ሊቀመንበሩ ቃል ሲገባ ልጁ ከአፈር በታች ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ራት ለማን ነበር?

ዕድሜውን ሙሉ የማገው የኖራ ብናኝ የጋሽ ብሩሽን ሳንባ ጨርሶት አልጋ ላይ ዋለ። ሚጣ ውሃ ስታጠጣው እጇን ያዛት።

"ያን ዕለት ኖራ አብዝተሽ ነበር" አላት።

ብርጭቆው እጇ ላይ ቀረ። "ታውቅ ነበር?"

"ጥፍሬ ላይ ደረቀ እኮ።"

"ታዲያ ለምን ቀባኸው አባዬ?"

"ልጆቻችን ነው የሚለው። የራሴን ላወጣ ብዬ የሰውን እንዴት ልሸፍን?"

"ለእማዬስ ለምን አልነገርካትም? እኔ እኮ ነኝ..."

"እናትሽ የምትወቅሰው ሰው ያስፈልጋት ነበር። ከሁለታችን እኔ ይሻላል አልኩ።" አሳለው። "አንቺንማ ከወቀሰች ማን ይቀርላታል?"

በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈ። ሊያጥቡት የመጡት ሚጣን ዕድሜ ልኩን ቀለም የጠጣውን ጥፍሩን እናጽዳው ቢሏት "እሱን ተዉት" አለች።

አጥሩን ከዚያ ወዲህ ሁለቴ በሌላ ቀለም ቀብተውታል። ዝናብ በመታው ቁጥር የላዩ ይላጣል፤ ያ ኖራ የበዛበት ግን ግንቡን ነክሶ ቀርቷል። ዳቦ ሻጯ አርጅታም ትመጣና ትዳብሰዋለች፤ ጣቷ አሁን ነጭ ይሆናል። የሰውም ዕጣ እንዲሁ ነው መሰለኝ፤ እርጥቡን አይተን ይህ ደካማ፣ ያቺ ጨካኝ እንላለን... እውነቱ እስኪደርቅ የሚጠብቅ ስንት አለ?

ቀብሩ ላይ ከተማው በሙሉ ነቅሎ ወጣ ብዬ ልጽፍ ነበር። አልወጣም። ሚጣ፣ ዳቦ ሻጯና እኔ ነበርን።